የረገበ ጠፍር

ሕመም ሁሉ በአንድ ድምፅ አይነገርም። ራሱን ያመመው ሰው ግንባሩን በሻሽ ሸብ አድርጎ ከደጁ ይቀመጣል፤ ወገቡን ያመመው «ወገቤን!» እያለ ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒት እንዲጠቁመው ይሻል፤ ዓይኑ የደከመበትም ጠበል የሚወስደው ዘመድ ይፈልጋል። ከወገብ በታች ያለው ሕመም ግን በሩን ዘግቶ የሚኖር ነው። ነገሩ የሽንት ሲሆን ደግሞ በዕድሜ የገፋ ሰው ለወለደው ልጅ እንኳ አይናገርም፤ ልጁም ቢያውቅ እንዳላወቀ ሆኖ ያልፋል። ይህም ከጨዋነት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ብዙ አረጋውያን ሊታከም በሚችል ነገር ከሰው ተለይተው እንዲኖሩ ሆነዋል።

ስለዚህ ነገር ልንጽፍ ስንነሣ፣ «ይህ መጽሔት የሥነ ጽሑፍ እንጂ የሕክምና አይደለም» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን የምንጽፈው ስለ አንድ ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ ቃልም ጭምር ነው። እንዳየነው ከሆነ፣ በአገራችን ደጋ የሚኖሩ እናቶች መድኃኒቱን ያጡት ከፊሉን በኀፍረት፣ ከፊሉን ደግሞ የሚጠሩበትን ቃል በማጣት ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምሥራቅ በኩል ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ተነሥቶ ብርዱን ይልክባታል። ታሪኳን የሚያነሣ ሁሉ አጠገቧ ያለችውን ጋፋትን ሳያነሣ አያልፍም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ያንን ብረትም በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ዳገቱን አውጥተው ቁልቁለቱን አውርደው መቅደላ አድርሰውታል። ያ ሸክም በመጽሐፍ ተጽፏል። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በእብናት ዳገቶች ላይ ሴቶች በየቀኑ የሚሸከሙት ግን የጻፈው የለም። ውኃ የሞላ እንስራ በጀርባ፣ በእንስራው ፈንታ በዛሬው ጊዜ ቢጫ ጀሪካን፣ ከጫካ የተለቀመ ጭራሮ፣ ወደ ወፍጮ የሚወርድ ገብስ፣ ከዚያም በላይ የታዘለ ሕፃን አለ። አራስ ዐርባ ቀን ትረፍ ይባላል፤ ረዳት የሌላትን አራስ ግን ዐርባ ቀን እስኪሞላ የሚጠብቃት እንስራ የለም። በሰሜን ጎንደር በኩል ባለው በዳባት ወረዳ የተደረገ ጥናት፣ ከባድ ዕቃ በቀን ለብዙ ሰዓት መሸከምና ምጥ መርዘም ከማኅፀን መውረድ ጋር የተያያዙ ሆነው መገኘታቸውን ገልጿል። ዳባትና ፋርጣ ብርዱም ዳገቱም አንድ ነውና፣ ለእኛ አገር እናቶችም ያው ይመስለናል።

ነገሩን የቀረብነው በአክስታችን ምክንያት ነው። እኚህ ሴት በፋርጣ ወረዳ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ዘጠኝ ወልደው ስድስት ያሳደጉ ናቸው። በሰፈሩ ልቅሶ ሲኖር ቀድመው የሚደርሱ፣ ሰንበቴ የማያስታጉሉ፣ በቅዳሴም ጊዜ ከሴቶች በኩል ፊት ቆመው የሚያስቀድሱ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ይቀመጡ ጀመር። ማኅበር ሲጠሩ «ጉልበቴን አሞኛል» ይላሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ጠላ ቀርቶ ውኃ እንኳ ሲቀርብላቸው ከንፈራቸውን አርሰው ብቻ መመለሳቸው ነበር። መንደርተኛው «ደከሙ» አለ። እኅታችን ግን ልብሳቸውን ስታጥብ ያየችውን አይታ ቀስ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ ተናገሩ፤ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ሽንት ያመልጣቸዋል። «በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ እንዲህ ሆኜ እንዴት እቆማለሁ?» አሉ። ውኃም የተዉት ለዚሁ ብለው ነው።

ውኃ መተው ደግሞ ነገሩን የሚያከፋ እንጂ የሚያሻሽል አይደለም። ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይቆጣዋል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ድርቀት ያለበትም ሰው ሲያምጥ የላላውን ይብስ ያላላዋል። ሌሊት በጉና ብርድ በጨለማ እየተደናበሩ መውጣትም ሌላ አደጋ አለው፤ በሰባ ዓመት ደፍ ላይ ተሰናክሎ ዳሌን መስበር ቀላል ነገር አይደለም።

አክስታችንን ወደ አንድ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። የተቀበላቸው ሰው ጨዋ ነበር፤ የተናገራቸው ግን ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ «እናቴ፣ እርጅና ነው» አላቸው። እርሳቸውም እጅ ነሥተው ወጡ። እርጅና የዕድሜ ስም እንጂ የበሽታ ስም አለመሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን መልስ በየቦታው ስንት እናቶች ይዘውት እንደሚመለሱ ስናስብ ከልብ እናዝናለን።

ከዚያ ወዲህ ነው በአንድ ወዳጃችን በኩል አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያገኘነው። ልጅቱ የተማረችው በጎንደር ነው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተከፈተው የጎንደሩ ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ይህንንም ሙያ በዲግሪ ያስተምራል። ፊዚዮቴራፒ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተሰበረ እጅና እግር ማፍታታትን ነው። ከዚህ ሙያ አንዱ ክፍል ግን ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚቋጥረውን፣ ማኅፀንንም የሚደግፈውን ጡንቻ ማጠንከር ነው።

ልጅቱ አክስታችንን በአክብሮት ተቀብላ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ ካደረገች በኋላ እኅታችንን ብቻ አስቀርታ ትምህርቱን ጀመረች። እኅታችን እንዳወራችን መጀመሪያ የተናገረችው በመጽሐፏ እንዳለው ነበር፤ «እማማ፣ የደከመብዎ የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው» አለቻቸው። አክስታችን ጥቂት አስበው፣ «አይ ልጄ፣ ዳሌ ደግሞ ምን ወለል አለው?» አሉ። ልጅቱ ሳቀች፤ ከዚያም ቃሉን ለወጠችው። «ሽንት መጥቶብዎ ሰው ፊት ሲሆኑ፣ ቋጥረው የሚያቆዩበትን ያውቁት የለም?» ብትላቸው፣ «እሱንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ!» አሉ። ሐኪሙና ታማሚዋ የተገናኙት በዚህች ቃል ላይ ነው።

መቋጠር የተባለው ቃል በእውነት የሚገርም ነው። እህል በጨርቅ እንቋጥራለን፤ ገንዘብ በነጠላ ጫፍ እንቋጥራለን፤ ቂም በልብ ይቋጠራል፤ ሽንትም ይቋጠራል። «የዳሌ ወለል» የሚለው ስያሜ ለመማሪያ መጽሐፍ ሳይበጅ አይቀርም፤ አንጠላውም። ነገር ግን ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተመለሰ በመሆኑ የሰማው ሰው አካሉን አያገኝበትም። «ሽንት መቋጠሪያ» ያልነው እንደ ሆነ ግን፣ የሰማው ሁሉ እዚያው በተቀመጠበት ጡንቻውን ያገኘዋል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ዓይነቱን ቃል ከየባልቴቱ አፍ ለቅመው ቢጠቀሙበት ለሥራው የሚቀና ይመስለናል።

የጡንቻውን አቀማመጥ ለማስረዳት ደግሞ ልጅቱ የጠፍር አልጋ አነሣች። ይህንንም ምሳሌ እጅግ ወደድነው። አልጋ አራት እግርና ጠርዝ አለው፤ ሰውን የሚሸከመው ግን እንጨቱ ሳይሆን ከጠርዝ ጠርዝ የተወጠረው ጠፍር ነው። በሰውም ላይ፣ ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋለኛው የጭራ አጥንት ድረስ ጡንቻ እንደ ጠፍር ተወጥሯል፤ የሽንት ፊኛ፣ ማኅፀንና የዓይነ ምድር መውጫ በላዩ ያርፋሉ። አዲስ የተጠፈረ አልጋ ውጥር ያለ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ፣ ብዙ ሰውም ሲተኛበት፣ ጠፍሩ ይረግባል፤ መሐሉም ይሰረጉዳል። ወሊድ፣ ሸክም፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ዕድሜም ጡንቻውን እንዲሁ ያረግቡታል። ሳል በተለይ በእኛ አገር ብዙ ነው፤ ጢስ በሞላበት ማድ ቤት ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ደረቷ ጤነኛ አይሆንም። ይሁንና ጠፍሩ የረገበበትን አልጋ አውጥቶ የሚጥል ባለቤት የለም፤ ጠፍሩን እንደገና ያጠብቀዋል እንጂ። ልዩነቱ፣ የአልጋውን ጠፍር ሌላ ሰው ሲያጠብቀው፣ ይህኛውን ግን ባለቤቱ ብቻ መሆኑ ነው።

ሥራው እንደሚከተለው ነው። ተኝቶ ወይም ተቀምጦ፣ ሽንትና ዓየር እንዳያመልጥ እንደሚቋጠረው አድርጎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፤ አምስት እስኪቆጠር ድረስ ማቆየት፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ማላላትና ያንኑ ያህል ማረፍ። ይህን ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ መደጋገም፤ በቀንም ሦስት ጊዜ መሥራት። አምስት መቁጠር የተሳነው ከሁለት ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ እስከ ዐሥር ያደርሰዋል። ትንፋሽ አይታፈንም፤ ሆድ፣ ጭንና መቀመጫ አይጨመደዱም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን አካል ሁሉ አጥብቆ ዋናውን ይተወዋል፤ ወይም ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ያምጣል። ሽንት እየሸኑ መሐል ላይ ማቋረጥ ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር አይጎዳም፤ ልማድ ሊደረግ ግን አይገባም፤ ሽንት ፊኛ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋልና። ከዚህም በቀር ለማሳል ወይም እንስራ ለማንሣት ሲሉ አስቀድሞ ቋጠር ማድረግ ትልቅ ብልሃት ነው። ማላላቱም የሥራው እኩሌታ መሆኑ አይዘንጋ። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንዱን ቃል ጠብቆና ላልቶ መነበቡ ትርጓሜውን እንደሚለውጠው ያውቃልና፤ ሁልጊዜ አጥብቆ የሚያነብም ተማሪ አላነበበም።

አክስታችን ሰዓት የላቸውም፤ ቁጥርም ይጠፋባቸዋል። ልጅቱ፣ «አንድ ጊዜ ቀስ ብለው የሚያማትቡበትን ያህል ያቆዩት» ብትላቸው፣ «በማማተብማ አይሆንም፤ ነውር ነው» ብለው ቆጧት። ብልሃቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ስለዚህ እንዝርቱ ሲሾር ያጠብቃሉ፣ ክሩን ሲጠቀልሉ ያላላሉ። ጎረቤት መጥቶ ፊታቸው ቢቀመጥ የሚያየው የምትፈትል ባልቴት ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት የተገኘውን ሁሉ እናከብራለን፤ ይህ የእንዝርት ነገር ግን ከየትም መጽሐፍ የሚገኝ አይመስለንም።

የዚህን እንቅስቃሴ ጥቅም ለዓለም ያሳወቀው አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም ነው፤ ጽሑፉን ያወጣው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በብዙ አገር እንቅስቃሴው በስሙ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመርምሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጣ አንድ ግምገማ፣ በ14 አገሮች የተደረጉ 31 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 1817 ሴቶችን ያካተተ ነበር። በሳልና በሸክም ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል፣ እንቅስቃሴውን ከሠሩት ከመቶው 56ቱ ድነናል ሲሉ፣ ካልሠሩት ግን እንዲህ ያሉት ከመቶው 6 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብም ሥራው ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይቋረጥ እንዲሠራ ያዛል። ሦስት ወር የሚለውን አጥብቀን የምንናገረው፣ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ ስለሚተወው ነው። ሰኔ የተዘራ ገብስ በሐምሌ አይታጨድም።

ይሁን እንጂ ሁሉም የሽንት ማምለጥ አንድ አይደለም። ምጥ ረዝሞባት ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ ሽንት የሚፈስባት ሴት ፊስቱላ ይዟት ይሆናል፤ ይህም ቀዳዳ ነውና በእንቅስቃሴ አይደፈንም። ስለዚህ በሽታ ሲነሣ በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ሐኪሞች፣ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ ሐምሊን፣ ሳይነሡ አይታለፍም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማእከል ከፍቷል፤ ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚያ ቀዳዳው በቀዶ ሕክምና ይዘጋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መቋጠር ለሚያቅታቸው ጡንቻውን የማጠንከር ሕክምና ይጠቅማቸዋል። ማኅፀን ወርዶ ከውጭ እስከ መታየት የደረሰባትም ሴት ሐኪም ሳያያት በእንቅስቃሴ ብቻ ተስፋ ልታደርግ አይገባም። በጥቂቱ ለወረደ እንቅስቃሴው ስሜቱን ያቀልላል፤ ብዙ ለወረደ ግን እንደ ሁኔታው የሚደግፍ ቀለበት ይገባል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሽንቱ ደም የተቀላቀለበት፣ የሚያቃጥለው፣ ወይም ጥማት የሚያበዛበት ሰውም መጀመሪያ መመርመር አለበት።

ለቀረው ግን፣ ማለት ለብዙዎቹ፣ ይህ ሕክምና መንገድ የማይፈልግ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ እንዳየነው፣ በአገራችን መንገድ ይዘጋል፤ ሐኪም ቤትም ይዘጋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ወሊድና ስለ ክትባት ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ወልዶ ላሳደገ፣ ልጁንም ለዳረ ሰው የሚያስተምሩትም ይጨመርላቸው እንላለን። የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርትና የማያፍር አንደበት ነው።

አክስታችን በአራተኛው ወር ከዛፉ ሥር ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ፈጽሞ ድነዋል አንልም፤ ጉንፋን ሲይዛቸው አሁንም ያስቸግራቸዋል፤ ሌሊትም አንድ ጊዜ መነሣታቸው አልቀረም። ውኃ ግን ይጠጣሉ። ቡናም ላይ፣ ቡና ፊኛን የሚያነሣሣ መሆኑን ልጅቱ ነግራቸው ስለ ነበር፣ አቦልን ጠጥተው ቶናና በረካን ይመርቃሉ እንጂ አይቀምሱም። ይህ ከሁሉ የከበዳቸው ትእዛዝ ሳይሆን አልቀረም።

ወሬው እንዴት እንደ ወጣ አናውቅም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ አጎታችን ለብቻችን ጠርተው አነጋገሩን። እኚህ ሰው በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ደብተራ ናቸው፤ የደብረ ታቦር አቋቋም ደግሞ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ እንደ መሆኑ፣ በከበሩ በዓላት ሌሊቱን ሁሉ ቆመው ማሕሌት ሲያደርሱ ኖረዋል። የፕሮስቴት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወዲህ ግን ሽንት እየሾለከባቸው ከማሕሌት ርቀው ነበር። ዙሪያውን ተመልክተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የእንዝርቱ ነገር ለወንድ ይሆናል ወይ?» አሉን። ይሆናል አልናቸው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ መሾለክ ሐኪሞች ወንዶችንም ይህንኑ እንደሚያዝዟቸው፣ ገና ዕጢው አብጦ ሽንት ለሚከለክላቸው ግን እንደማይበቃና መመርመር እንደሚያሻቸው ነገርናቸው። ወንድ ጡንቻውን የሚያውቀው፣ ሸንቶ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ጠብታ በሚጨምቅበት መሆኑንም ጨመርንላቸው። በገበያ ቀን ደብረ ታቦር ወጥተው ሐኪማቸውን ከጠየቁ በኋላ ጀመሩት።

«እኔ እንዝርት አልይዝም» ብለው ነበርና፣ እርሳቸው ሥራውን በመቋሚያ አደረጉት፤ ዘንጉ ከፍ ሲል ማጥበቅ፣ ዝቅ ሲል ማላላት። ባለፈው በዓል ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገብተው ከማሕሌቱ ቆሙ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ወጡ፤ ተመልሰውም ከቦታቸው ቆመው ነጋ።